ባለሙያ ያጣ ማሽን

በየስብሰባው አዳራሽ፣ በየቤተ ዘመዱ ምክርና በየምረቃው ንግግር ሲደጋገም የሚሰማ፣ ከመደጋገሙም የተነሣ ማስረጃ የሚጠይቀው ያጣ አንድ አሳብ አለ። አሳቡም፣ የእጅ ሙያ ዘመኑ አልፏል፤ ብረት የሚበይደውን፣ ሞተር የሚፈታውን፣ ቧንቧ የሚዘረጋውንና ሽቦ የሚያገናኘውን ሰው ዛሬ ባይሆን ነገ ማሽኑ ይተካዋል፤ ስለዚህ ልጁን የሚወድ አባት ከጋራዥ አርቆ ወደ ኮምፒውተር ያስጠጋው የሚል ነው። ይህ ቃል በአዲስ አበባ ሲነገር ቢያንስ የሚደገፍበት ምክንያት አያጣም ይሆናል፤ ከዚያ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሮ ወንዝ ዳር በምትገኘው በጋምቤላ፣ ሳይመረመርና ሳይመዘን፣ ከመኻል አገር እንደ መጣ ዕቃ ሲራገፍ ግን ዝም ብሎ ማለፍ ለኅሊና ይከብዳል። እኔ ይህ አሳብ ከሥሩ ስሕተት ነው፣ በዚህ ክልል ወጣቶች ላይም በየዓመቱ ጉዳት ያደርሳል ብዬ እከራከራለሁ። በዚህ ምድር ማሽን ባለሙያን ከሥራው ሲያባርር አላየንም፤ ባለሙያ በማጣት ማሽን ሲሞት ግን ከመቶ ዓመት በላይ አይተናል።

ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ውሉ ያሰበው ስፍራ የኢታንግ አካባቢ ቢሆንም ጣቢያው የቆመው በጋምቤላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ፣ ወንዙ ሞልቶ መርከብ ለመሸከም ሲበቃ፣ በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው፣ ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው ወደ ባሮ ይገቡ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ አራግፈውም የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በዚያ ዘመን ለምዕራብ ኢትዮጵያ ይህ እጅግ ረቂቅ መሣሪያ ነበር። ነገር ግን የመርከቦቹ መጠገኛ በካርቱም ነበርና፣ የእንፋሎቱን ጋን ጠባይ የሚያውቀው ሰው ከመርከቡ ጋር መጥቶ ከመርከቡ ጋር ይሄድ ነበር፤ ለወንዙ ዳር ሰው የተረፈው ሥራ ጭነት ማውረድና ጭነት ማውጣት ነበር። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ሲመለስ መሬቱንና ወደቡን ተረከብን፤ የመርከብን ጥበብ የወረሰ ትውልድ ግን አልተረከብንም። የወንዙ ንግድ የተቀዛቀዘበት ምክንያት ብዙ መሆኑን፣ ከደጋው የመጣው የመኪና መንገድና ከድንበር ማዶ የነደደው ጦርነትም ዋናዎቹ እንደ ነበሩ ዐውቃለሁ። ቢሆንም በዚያ ሁሉ ዘመን የአኙዋና የኑዌር ልጅ ቁልፍ ጨብጦ ከመሐንዲሱ ጎን ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ መርከቡ ቢቀር እንኳ እውቀቱ ከወንዙ ዳር ባልተነቀለ ነበር።

ይኸው ነገር በየትውልዱ ተደግሟል። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በአቦቦ የተገነባው የአልዌሮ ግድብ ውሃውን አቁሮ ለብዙ ዓመታት ያለ በቂ አገልግሎት ተቀምጧል። ከዚያም በኋላ ካሩቱሪ የሚባለው የሕንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር መሬት በሊዝ ተረክቦ፣ ለአካባቢው እንግዳ የሆኑ ግዙፍ ትራክተሮችን አሰልፎ ሲመጣ፣ የክልሉ የግብርና ኑሮ በአንድ ቀን እንደሚለወጥ የተናገረው ሰው ጥቂት አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ባሮ ከአፉ እስከ ገደፉ ሞልቶ የበቆሎውን ማሳ አጥለቀለቀው፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት መሬቱ በውሉ መሠረት አልለማም ብሎ ውሉን ሰረዘ። ኩባንያው የወደቀው መካኒክ በማጣት ነው አልልም፤ ጎርፉም፣ የገንዘቡም ችግር፣ የውሉም ክርክር ነበረበት። እኔ የምጠይቀው ከውድቀቱ በኋላ ስለ ቀረው ነገር ነው። የሃይድሮሊክ ቱቦ ሲፈነዳ የሚለውጥ፣ የትራክተር ማርሽ ሲሰበር አውርዶ የሚጠግን፣ በኢታንግና በላሬ መንደር ውስጥ የራሱን ጋራዥ የከፈተ ስንት ወጣት ከዚያ ወጣ? የመሬቱ ስፋትና የገንዘቡ ብዛት በየጋዜጣው ሲጻፍ ይህን ጥያቄ ያነሣ ጸሐፊ አላጋጠመኝም፤ አለመነሣቱም የምከራከረው አሳብ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያሳያል። ማሽን ሲገባ የምንቆጥረው ማሽኑን ነውና፣ ማሽኑን የሚያኖረውን እጅ ከቁም ነገር አንጽፈውም።

አሁን ከትልቁ ወደ ትንሹ እንውረድ፤ እውነቱ በትንሹ ነገር ላይ ይበልጥ ይገለጣልና። በክልሉ ገጠር ብዙ ሰው ውሃ የሚቀዳው በእጅ ፓምፕ ነው። ከእነዚህም አፍሪዴቭ የሚባለው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ ገጠር ታስቦ የተነደፈ፣ የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ተብሎ የተሠራ ነው። ሴቶች እጀታውን ደጋግመው ሲጫኑ ውሃው የሚዘገይ ከሆነ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ምን እንደ ሆነ ገና ከድምፁ ይገምታል። በአንዲት መፍቻ ክዳኑን ይከፍታል፤ እጀታውን ነቅሎ በመዞሪያው ላይ ያሉት የፕላስቲክ ኩሽኔታዎች ተበልተው እንደ ሆነ ያያል፤ ከዚያም በመንጠቆ የተያያዙትን የብረት ዘንጎች እየሳበ፣ እያላቀቀ፣ ጭቃ እንዳይነካቸው በሸራ ላይ በተርታ ያስተኛቸዋል። ከመጨረሻው ዘንግ ጋር የሚወጣውን ፒስተን በአውራ ጣቱ ዳብሶ ጎማው ማለቁን ሲያረጋግጥ፣ በኪሱ የያዛትን ቀለበት መሳይ አዲስ ጎማ ይተካል፤ በቧንቧው ግርጌ የተቀመጠውን ቫልቭም አውጥቶ አሸዋውን ያጥባል። ይህ ሁሉ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ያች ጎማ ዋጋዋ ኢምንት ነው፤ እርሷና እርሷን የሚያስገባው ሰው በሌሉበት ግን ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጉድጓድ ተዘግቶ እናቶች ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፣ ልጆችም በተቅማጥ ይታመማሉ። በዚያች ቀን ከክልሉ ቢሮ ኃላፊ ይልቅ ለዚያ መንደር የሚያስፈልገው ያ መፍቻ የያዘ ሰው ነው፤ ይህንም የምለው ለማጋነን አይደለም።

ዘመኑ ታዲያ ተራመደና በብዙ ስፍራ በእጅ ፓምፑ ፈንታ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ መጣ። የማሽኑ ነቢያት እንግዲህ ባለሙያው አበቃለት ይሉናል፤ ፀሐይዋ በነፃ ትወጣለች፣ ፓምፑ ራሱ ይሠራል፣ ማን ማንን ይጠይቃል? በጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪ በሚደርስበት በመጋቢት ከሶላሩ ሥር የቆመ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የመቆጣጠሪያው ሣጥን ቀይ መብራት አብርቶ ውሃው ይቆማል። ምክንያቱ በሰሌዳው ላይ የተኛው አቧራ ሊሆን ይችላል፤ ከጉድጓዱ በታች ውሃ የገባበት የሽቦ መገናኛ ሊሆን ይችላል፤ የጉድጓዱ ውሃ ወርዶ ፓምፑ ራሱን ለማዳን አቁሞም ይሆናል፤ አሸዋ ነክሶትም ይሆናል። አራቱን ለመለየት ቴስተር ይዞ ቮልቱን መለካት፣ የጉድጓዱን ጥልቀት ማወቅ፣ ቧንቧውን ከነፓምፑ ሳይበጥሱ ማውጣት ያስፈልጋል። ስለ ሆነም ቀድሞ የቧንቧ ሰው ብቻ የነበረው ባለሙያ አሁን የኤሌክትሪክ ሰውም መሆን አለበት። ማሽኑ ሥራውን አልወሰደበትም፤ በሥራው ላይ ሥራ ጨመረለት፣ የጨመረውም ከፊተኛው የከበረ ነው፣ ያላወቀ የማይደፍረው ነውና። ከኢታንግ ተስቦ ለኩሌና ለቴርኪዲ የስደተኞች መጠለያዎች፣ ለዙሪያውም ነዋሪ የሚደርሰው የውሃ መስመር አንድ ቀን ቢቋረጥ የሚጠማው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ ያንን መስመር ሌት ተቀን የሚያኖረው ሰው የእጅ ሙያ ያለው ሰው ነው።

የተቃራኒዬ ጠንካራ ክርክር ከመኪና በኩል እንደሚመጣ ዐውቃለሁ፤ እርሱንም ልሸሸው አልፈልግም። መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. አስታውቋል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና የሚቀየር የሞተር ዘይት የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ የሚዘጋ ካርቡራተር የለውም፤ ስለዚህ ይላሉ፣ የጋራዡ ዘመን ተፈጸመ። በዚህ ክርክር ውስጥ እውነት አለ። ዕድሜውን ሁሉ የናፍጣ ፓምፓ በማስተካከል ብቻ ያሳለፈ ሰው ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ኀዘኑንም ማቃለል ጭካኔ ነው። ሌላው ጋራዥ ግን? ጎሚስታው ጎማ መለጠፉን አይተውም። ፍሬኑ ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ በክረምት ጭቃና በበጋ አቧራ የሚንገላታው መንገድ የመኪናውን እግር ይሰብራል፤ ላሜራ ቀጥቃጩና በያጁ ሥራ አይፈቱም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የባትሪው ነገር አለ፤ የበረሃ ሙቀት ባትሪን የሚጎዳ ነውና በጋምቤላ የሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባው ይልቅ ዐዋቂ ይፈልጋል። ሰው የሚገድል ኃይል ያለውን ባትሪ ፈትቶ የታመመውን ክፍል ከጤነኛው የሚለይ፣ የሚያቀዘቅዘውን መስመር የሚፈትሽ ሰው ነገ በከተማው ይፈለጋል፤ ዛሬ ካላሠለጠንነው ግን መኪናው ሲበላሽ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ገንዘቡም ከከተማው ወጥቶ አይመለስም። በዚህ ጊዜ፣ ያው፣ ቴክኖሎጂ ሥራችንን ወሰደ እንላለን። ሥራውን የወሰደው ግን የመዘግየታችን ነገር ነው።

ስለ ማሽን መፍራት ከተገባ የሚፈራው ሌላ ነው፤ እርሱንም የሚጠቅስ ሰው በእኛ ዘንድ ብዙ አይሰማም። የዛሬ መሣሪያ ሠሪ ማሽኑን ከሸጠ በኋላ ምሥጢሩን ለራሱ አስቀርቶ ይዘጋዋል። ሞተሩ የታመመበትን ነገር በቁጥር ይናገራል፤ ቁጥሩን የሚያነበው መሣሪያና የይለፍ ቃሉ ግን በአስመጪው እጅ ነው። ክፍሉ በብሎን ከመታሰር ይልቅ በሙጫ ይጣበቃል፤ ካቻቢቴና ፒንሳ የያዘ ሰው ቢመጣ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። በሠለጠነው ዓለም ሳይቀር ይህ ነገር አከራክሮ፣ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት መኪና የገዛ ሰው በፈለገው ጋራዥ ማስጠገን እንዲችል በ2012 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥቷል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 እ.ኤ.አ. ስለ ዕቃ ጥገና መብት የራሱን ሕግ ደንግጓል። እነርሱ ፋብሪካው በደጃቸው ሳለ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ አስመጪው 770 ኪሎ ሜትር የሚርቀን እኛ ምን ያህል ልንጨነቅ ይገባን ነበር?

ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ከቴክኖሎጂ ፍርሃት በስተጀርባ የተሸሸገው አሮጌ ንቀት ነው፤ አዲሱ ክርክር የአሮጌውን ንቀት ነውር በዘመናዊ ልብስ ይሸፍንለታል። ብረት ቀጥቃጭን፣ ሸማኔን፣ ፋቂን፣ ሸክላ ሠሪን በስድብ ስም የጠራ አገር ነን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ነገሩ ከፍቶ ነበር፤ አዋጁ ምላስን ሲያስር ልብን ግን አላሰረም። የሚያስደንቀኝም መጻሕፍቶቻችን ስለዚህ ነገር የሚሉት ከልማዳችን ጋር ፈጽሞ የማይስማማ መሆኑ ነው። በኦሪት ዘፀአት የደብተራው ሥራ የተሰጠው ለባስልኤልና ለኤልያብ ነው፤ የእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው የባስልኤል ጥበብም ወርቅና ብር፣ ናስና እንጨት የመሥራት ጥበበ እድ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ሰብኳል። ሲራክም በመጽሐፉ ስለ አንጥረኛውና ስለ ሸክላ ሠሪው ሲተርክ፣ በሸንጎ አይጠሩም፣ በዳኝነት ወንበርም አይቀመጡም፤ ያለ እነርሱ ግን ከተማ አይኖርም ይላል። ይህን በቅዳሜና በእሑድ ሰምተን በሰኞ ልጃችንን፣ ፈተና ብትወድቅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ትሄዳለህ ብለን የምናስፈራራ ሰዎች ነን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ የማለፊያውን ግማሽ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ከመቶ ዘጠና ስድስት የሚበልጠውን ወጣት ወድቀሃል ብለን፣ ወዲያውም የወደቀ የሚጣልበት ስፍራ ይህ ነው ብለን የሙያ ማሠልጠኛውን በር ካሳየነው፣ በየትኛው ልቡ ይማር? በጋምቤላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ ክብር የሚገኘው ከመንግሥት ወንበር ነውና፣ ተመራቂው ሁሉ ባልተከፈተ የሥራ መደብ ዙሪያ ዓመታት ያሳልፋል፤ የባጃጁን ሞተር የሚፈታው ልጅ በዚያው መንገድ ዳር የዕለት እንጀራውን እያገኘ ሳለ፣ የሚያዝንለት እንጂ የሚመኘው የለም።

ስለ ኮምፒውተሩም አጭር ቃል ልበል። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር ከተደሰቱት አንዱ ነኝ፤ ዕውቀት ዕውቀት ነውና። ነገር ግን የቢሮ ሥራ ከማሽን የተጠበቀ፣ የእጅ ሥራ ለማሽን የተጋለጠ ነው የሚለው ግምት በዓለም ላይ እየተገለበጠ ነው። ሃንስ ሞራቬክ የሚባለው የሮቦት ሊቅ ገና በ1988 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ፣ ለማሽን ዐዋቂ ሰው የሚጨነቅበትን ፈተና መሥራት ቀላል፣ የአንድ ዓመት ሕፃን ማየትና መንቀሳቀስ ግን ከባድ መሆኑን አስተውሎ ነበር። ዛሬ ደብዳቤ የሚያረቅቅ፣ ሒሳብ የሚያጠቃልል፣ ቃለ ጉባኤ የሚያሳጥር ማሽን በብዙ ስልክ ላይ አለ፤ በላሬ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ የዛገ ብሎን ሳይሰብር የሚፈታ ማሽን ግን የለም። ያ ብሎን ስንት ኃይል እንደሚችል የሚነግረው የሰው አንጓ ነው። ደግሞም ስልኩ ራሱ ለባለሙያው መምህር ሆኖታል፤ ያላየውን ሞተር አፈታት ከሩቅ አገር መካኒክ በምስል እያየ የሚማር ወጣት በከተማው ጋራዦች አይቻለሁ፤ በዘይት በጠቆረ ጣቱ ምስሉን አቁሞ፣ ወደ ኋላ መልሶ፣ ደግሞ አይቶ፣ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ኮምፒውተርንና እጅን ጠላት ያደረግናቸው እኛ ነን።

አንድ ሌላ ክርክር በክልሉ ውስጥ በጉርምርምታ ይነገራል፤ እርሱም ከደቡብ ሱዳን የመጡት ስደተኞች ሙያ ቢማሩ የአገሬውን ልጅ ሥራ ይሻማሉ የሚል ነው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች ሙያ የመማርንና የመሥራትን መብት በር ከፍቷል፤ እኔም ይህ በር ሰፋ ብሎ ይከፈት እላለሁ። በመጠለያዎቹ ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ ወፍጮ ያስፈልገዋል፣ ስልኩ ይበላሻል፣ የቤቱ ቆርቆሮ ይነቀላል፤ ፈላጊ ሲበዛ ሥራ ይበዛል። የእርዳታው እህል ሲመጣ በቆሎው ወይም ማሽላው መፈጨት አለበት፤ ወፍጮው ከቆመ ደግሞ እናት ወይ ሩቅ መንገድ ትሄዳለች ወይ እህሉን በርካሽ ትሸጣለች። ያንን ወፍጮ ያነቃው ሰው አኙዋ ይሁን ኑዌር፣ ደገኛ ይሁን ስደተኛ፣ ለዚያች እናት ልዩነት የለውም። በዚህ ክልል በጎሳ ስም ብዙ ደም ፈስሷል፤ ከአንድ ሞተር ግራና ቀኝ ቆመው አንዱ መብራት ሲይዝ ሌላው ብሎን የሚፈታ ሁለት ወጣቶች ግን እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉበት ምክንያት አላቸው። ይህን የመሰለ ስፍራ የሚፈጥርልን ስብሰባ እስካሁን አላየሁም።

እንግዲህ በእጃችን ያለውን ነገር እንጠይቅ። ለጋምቤላ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ ትራክተር ወይም ሶላር የሚገዛ መሥሪያ ቤትም ሆነ የእርዳታ ድርጅት፣ በውሉ ውስጥ አራት ነገር ይጻፍ፤ የጥገናው መጽሐፍ በአማርኛ፣ በአኙዋኛና በኑዌርኛ ተዘጋጅቶ ከማሽኑ ጋር ይምጣ፤ የብልሽቱን ቁጥር የሚያነበው መሣሪያና የይለፍ ቃሉ ለክልሉ የሙያ ማሠልጠኛ ይሰጥ፤ ቶሎ የሚያልቁት ዕቃዎች በጋምቤላ ከተማ ሱቅ ውስጥ በገንዘብ የሚገኙ ይሁኑ፤ የሻጩ ባለሙያ ማሽኑን ሲተክል ከእያንዳንዱ ወረዳ የተመረጡ ወጣቶች በገዛ እጃቸው እየፈቱና እየገጠሙ ከጎኑ ይቁሙ። ሻጩ ይህ ዋጋ ያስጨምራል ይል ይሆናል፤ ይጨምር፣ የቆመ ማሽን ዋጋ ከዚህ ይበልጣልና። ይህ ያልተጻፈበት ውል ሲቀርብለት የግዢው ኃላፊ አይፈርም፤ ፈርሞ ከተገኘም ማሽኑ በቆመ ዕለት የመንደሩ ሰው ስለ ፊርማው ሊጠይቀው ይችል ዘንድ ስሙ በፓምፑ ቤት በር ላይ ይለጠፍ።